«ጊቭ» ያስወሰዳት በቅሎ

ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጆች አስፍረው መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን እኔ ደብረ ታቦር የአንድ መኰንን ጸሐፊ ነበርሁ። እብናት ስምንት ዓመት ቅኔ ስቆጥር ኖሬ የመጣሁ ስለሆንሁ፣ የማላውቀው ነገር ቢኖር ገና ያልተጻፈው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጌታዬ ሌሎቹ መኳንንት አስተርጓሚ ማስከተል መጀመራቸውን ሲያዩ ቅናት ያዛቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን አስጠርተው እንግሊዝኛ እንድማር አዘዙኝ። እስከ ፍልሰታ ጨርስ አሉኝ። ወሩ ግንቦት ነበር። እኔም ጊዜው በዛ እንጂ አነሰ አላልሁም።

አስተማሪዬ ጋፋት የሚኖር እንግሊዛዊ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። አማርኛው ከገበያ አያልፍም። ሚስቱ ግን የይፋግ ሴት ናት፤ አምስት ዓመት አብራው ኖራ ቋንቋውን ያለ መጽሐፍ ትናገረዋለች። ይህንን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ሰዋስው ያልተማረ ሰው የሚናገረው ሁሉ ለእኔ የበቀቀን ነገር ነበር።

በግዕዝ እንደለመድሁት ከግሥ ጀመርሁ። ጊቭ ማለት ሰጠ ማለት ነው አለኝ። ጻፍሁና፣ አንዱ ግሥ አለቀ ብዬ ወደ ሌላው ልሻገር ስል ቆይ አለኝ። ጊቭ ኢን ሲሉ ተሸነፈ ማለት ነው። ጊቭ አውት ሲሉ ደክሞ አለቀ። ጊቭ አዌይ ሲሉ ምስጢር አወጣ። ኢን ውስጥ፣ አውት ውጭ መሆኑን ነግሮኝ ነበርና፣ ወደ ውስጥ የሰጠ ሰው እንዴት ይሸነፋል፣ መስጠቱስ የት ሄደ ብዬ ተከራከርሁት። ምክንያት የለውም፣ እንዲህ ነው የሚባለው አለኝ። ግሥ ቢያጥራቸው አንዱን ቃል እንደ አህያ ይጭኑታል ብዬ ሳቅሁ።

ሚስቱ ጥጥ እየፈተለች ትሰማን ነበር።

«አንቱ ደብተራ፣» አለችኝ፣ «እኛ ዳኛው ጉቦ በላ እንላለን። ምስክሩ ቃሉን በላ እንላለን። ጀርባዬን በላኝ እንላለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ እስቲ እንጀራውን ያሳዩኝ።»

ከሴት ፊት ተረትቶ መቀመጥ አልለመድሁም። ሥሩን አውቄዋለሁ፣ ቅጥያውን ራሴ እፈታዋለሁ ብዬ ብራናዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ለጌታዬም ጨርሻለሁ አልኋቸው። ሰኔ እንኳ አልገባም ነበር።

ጌታዬ ከአባታቸው የወረሱት፣ የማይተኩስ ጠመንጃ ነበራቸው። ለእንግሊዙ ልከውለት ብዙ ሲታገለው ከረመና በሐምሌ ይዞ ይቅረብ ተባለ። ቀረበ። ጠመንጃውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ራሱን እየነቀነቀ «አይ ጊቭ አፕ» አለ።

አይ እኔ፣ አፕ ላይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ላይ መስጠት እንግዲህ ታናሽ ለታላቅ የሚያደርገው ነው። እጅ መንሻ ላቀርብ መጣሁ ይላል ብዬ በሙሉ አፌ ተረጐምሁ።

ጌታዬ ምን እንደሚያቀርብ ጠየቁ። እንግሊዙ የመጣባት ሰጋር በቅሎ ከደጅ ታስራ ነበርና ዓይናቸው እዚያ ሲያርፍ አየሁ። ወደ እንግሊዙ ዞሬ «ጊቭ? ሚውል?» አልሁት። ለድካሙ በቅሎ ሊሸልሙት መሰለውና ፊቱ በርቶ እጅ ነሣ። ጌታዬም ፈገግ አሉ። ሁለቱ ሲመሰጋገኑ እኔ በመካከላቸው ቆሜ ሥራዬን አደንቅ ነበር።

ሲወጣ አሽከሮቹ የገዛ በቅሎውን ወደ ጋጣ ሲስቧት አገኘ። ተመልሶ ገብቶ «ጊቭ ባክ፣ ጊቭ ባክ» ይል ጀመር። ባክ ጀርባ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነትን ክፍል ስጽፍ ተምሬዋለሁ። ጌታዬ ምን ይላል አሉኝ።

«ጀርባዬን እሰጣለሁ ይላል» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ትርጓሜ የጠየቀኝ የለም። ለእርሳቸው ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ይታሰር ተባለ፤ ቋንቋውን የማውቅ እኔ ነኝና ቁራኛው እኔ ሆንሁ። ቀኝ እጁን ከግራ እጄ ጋር በአንድ ሰንሰለት አሰሩን። እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ሲናገረኝ ቆየ። አንዱንም ቃል አላውቀውም፤ ስድብ መሆኑን ለመረዳት ግን ሰዋስው አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ቀትር እንደ ታሰርን ጌታዬ ፊት ቀርበን ሳለ ሚስቱ ነጠላዋን አደግድጋ ገባች።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ባሌ ጠመንጃው አልሆን አለኝ፣ ተስፋ ቆረጥሁ ነው ያለው። ኋላም በቅሎዬን መልሱልኝ ነው ያለው። ሌላ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም።»

ጌታዬ እውነት ነው ወይ ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ሰንሰለቱ እጄ ላይ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም፣ እውነት ነው አልሁ። እርሳቸውም ብዙ አሰቡ። እጅ መንሻ የተቀበለ ጌታ በሰው ፊት ተሳሳትሁ ማለት አይሆንለትም። ሰውየው ተፈታ፤ በቅሎዋ ግን ለተበላሸው ጠመንጃ ካሣ ናት ተብላ ቀረች። ጠመንጃው የተበላሸው በአባታቸው ዕድሜ ነበር።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ጋፋት ወጣሁ። እንግሊዙ ከወናፉ ቀና ብሎ አየኝና «ጌት አውት» አለኝ። ጌት አገኘ ነው። ውጭ ምን አግኝቶ ይሆን፣ በቅሎዋ ተመልሳለት ይሆን ብዬ ዘወር አልሁ። ሚስቱ በእንዝርቷ በሩን አሳየችኝ።

«ይህን እንኳ አልተረጉምልዎትም» አለችኝ።

ወጥቼ ዝናብ ላይ ከአጥሩ ሥር ቆምሁ። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እርሷ እንድታስተምረኝ ለመንኋት። ብራናህን ይዘህ አትምጣ አለችኝ፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሏ ሥራ ላይ ሲሆን እየሄድሁ፣ እርሷ ስትፈትል እኔ ጥጥ እየዳመጥሁ፣ የምትለውን ለምን ሳልል እደግም ነበር። ስምንት ዓመት ቅኔ የቆጠረ ሰው ጥጥ ሲዳምጥ ያየ የአገሬ ሰው ባለመኖሩ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ባሏ ድንገት ገብቶ ያዘን። ወደ እኔ አየ፣ የዳመጥሁትን የጥጥ ክምር አየ፣ በሩን ክፍት ትቶልኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ተደብቄ መግባቱን ተውሁ።