የቀሪ ድርሻ

ከትናንት ወዲያ የሚካኤል ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። ማኅበርተኞቹ መርቀው ከሄዱ፣ ዕቃው ታጥቦ ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ቀረ፤ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፣ እኔም እሱን ላለማየት ሁለት ቀን ሙሉ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስቀመጥ ሰነበትኩ። ዳቦው የማንደፍሮ ድርሻ ነው። ማንደፍሮ ታሞ ቀርቷል፤ በማኅበራችን ደንብ ለቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል፣ ባለተራውም ራሱ ቤቱ ድረስ ያደርስለታል። ስለዚህ ይህን ዳቦ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሁሉ የላሊበላ ሰው መካከል እኔ።

ማንደፍሮን ዛሬ የሚያየው ሰው ጻድቅ ያየ ይመስለዋል። ጋቢው ሁልጊዜ ትናንት የታጠበ ነው፤ ጢሙን አሳድጓል፤ በቅዳሴ ሰዓት መቋሚያውን ተደግፎ ከወንዶች ሁሉ ፊት ይቆማል፤ ስብከት ላይ ደግሞ አንገቱን መነቅነቅ የሚጀምረው ሰባኪው ገና አፉን ሳይከፍት ነው። አምና በማኅበሩ ላይ ልጆች ስለ ደርግ ዘመን ቢጠይቁት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በዚያ ክፉ ዘመን እኛን ያጸናን እምነታችን ነው» አላቸው። ልጆቹ በስልካቸው ቀረጹት። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩት ግን ከትሕትና አይደለም፣ ከንቀት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው መልስም ይበዛበታል።

ያደግኩት ከብልባላ በላይ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች መንደር ነው። ከዝናብ በኋላ መንደሩ ሁሉ ጥድ ጥድ ይሸታል፤ የገብሱ ማሳ ከደጃችን ይጀምርና ገደሉ አፋፍ ላይ ያበቃል። የማኅበሩ ጽዋ ከንፈሯ የተሸረፈ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረች የሸክላ ዕቃ ነበረች፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቤት ወደ ቤት ትሻገራለች፣ የተረከባት ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ አሥራ ሁለቱን አባላት ይቀበላል። እኛ ልጆች ከመልአኩ ይልቅ ጽዋዋን ተከትሎ የሚመጣውን ዳቦ እንደምናከብር የማያውቅ አልነበረም። የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል፤ የእኛ ሙሴ አያ ደምሌ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ፣ በሌላው ደግሞ የፈለጉትን ብቻ የሚሰሙ ሽማግሌ ነበሩ። ደንቡን ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ፦ የቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጣል፤ ድርሻ የሚነሣው ሰውየው ሲሞት ብቻ ነው።

ማንደፍሮ ያን ጊዜ ዲያቆን ነበር። አባቱ ሲሞቱ በማኅበሩ ቦታቸውን ወረሰ፤ ድምፁ ደግሞ መቼም አይካድም፣ ሲያዜም አሮጊቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሆነ ቦታ ሄዶ የሦስት ወር ሥልጠና ወሰደና ካድሬ ሆኖ ተመለሰ፤ እግዚአብሔር የለም የሚለውን ዜና መጀመሪያ ያበሰረው ለገዛ እናቱ ነው። ከልቡ የካደ ሰው ቢሆን ኖሮ ባከበርኩት ነበር። ማንደፍሮ ግን አምላኩን የለወጠው በአንድ ካኪ ኮትና በአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ነው፤ ጫማው ደግሞ ስለሚጠበው ዓመቱን ሙሉ እያነከሰ ነበር የሚያነቃን። ስብሰባ የሚጠራው እሑድ፣ ልክ ቅዳሴ ሲገባ ነው። ወደ ማኅበሩ መምጣት ካቆመም ቆየ፣ ግን አልሞተምና ድርሻው በየወሩ ይቀመጥ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጽዋዋ እኛ ቤት ገባች፤ የደረሰችን ደግሞ የኅዳር ሚካኤል፣ ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ በዓል ነው። ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ደርቋል፣ ሁለቱም በሬዎቻችን ሞተዋል፣ እናቴ ከገደሉ ሥር የምትለቅመውን ቅጠል እየቀቀለች በጨው ታበላን ነበር። አያ ደምሌ ራሳቸው መጥተው ተራው ይለፋችሁ ቢሏት እናቴ አሻፈረኝ አለች። በዚያው ሳምንት ማንደፍሮ ከቤታችን ደጅ ቆመ። የእርዳታ ስንዴ ብልባላ ላይ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን እንደሚታደል፣ አባወራ ብቻ ስልቻ ይዞ እንዲመጣ ነገረን። ካድሬ ከሆነ ጀምሮ አባቴን አንተ ሲለው የከረመ ሰው፣ ያን ቀን እንደ ድሮው አንቱ አለው።

«ተራው የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ። ማልደው ይምጡ፤ ለማኅበሩ ይደርስልዎታል።»

አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲስቅ እንኳ በአፍንጫው ነው። ያን ቀን ግን ማንደፍሮን ቆሞ መረቀው፣ ይህ ልጅ ልቡ አልጠፋም ሲልም ለእናቴ ነገራት። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ያን ምርቃት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማንደፍሮም አሜን ብሎ ተቀብሎታል።

የበዓሉ ዕለት አባቴ ጎህ ሲቀድ ስልቻውን አራግፎ፣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወረደ። ከቀትር በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ከአሥራ ሁለቱ ስምንት ናቸው፣ ሁለቱን ረሃቡ ጨርሷቸዋል፤ መደቡን ተጠግተው ተደረደሩ። ስለ ስንዴው የሚያነሣ አልነበረም፣ የሁሉም ዓይን ግን በሩ ላይ ነበር። ፀሐይዋ ከደፉ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ስትወጣ አንዲት የታች ሰፈር ሴት እያለከለከች ገባች። ስንዴ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጡትን ወንዶች ታጣቂ ከቦ ለሰፈራ ናችሁ አላቸው፣ መኪና ወደሚጠብቅበት መንገድ በእግር ነዷቸው፤ አባቴም ከነባዶ ስልቻው ተነዳ። ስማቸውን ከወረቀት እያነበበ የጠራው ማንደፍሮ ነው፣ በዚያ በሚያምረው ድምፁ።

እናቴ አልጮኸችም። ሁላችንም እንድትጮህ እየጠበቅናት፣ እሷ ወደ እንስራው ሄዳ ውኃ ቀዳች፣ ጽዋዋን ሞላች፣ አምጥታም አያ ደምሌ ፊት አስቀመጠች። እሳቸው ጽዋዋን ወደ ሌላ ቤት እንውሰድ፣ አንቺም እርምሽን አውጪ ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ተራው የቤቴ ነው፣ ቁጭ በሉ አለቻቸው። ጸሎቱ ተደረገ። ስምንቱም ያን ውኃ እየተቀባበሉ ጠጡት፤ ለእኔም ደረሰኝ፣ ሸክላ ሸክላ ይል ነበር። ሁሉም ሲጠጣ እናቴ ሁለት ትንንሽ ዋንጫ አውጥታ ውኃ ቀዳችባቸው፣ በቅጠልም ከደነቻቸው። አንደኛው ለአባቴ መሆኑ ለሁሉም ገባው። አያ ደምሌ ሁለተኛውን በጣታቸው አመለከቱ።

«ይኸኛውስ ለማነው?»

«ለማንደፍሮ።»

«ጥሩዬ፣ ለማንደፍሮ?»

«ሞተ ወይ፣ አያ ደምሌ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ቀርቷል።»

እናቴ ዋንጫውን ይዛ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ የማንደፍሮን ድርሻ ለማንደፍሮ አደረሰች።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ መጣ፣ በውኃው ቦታ ቆሎ፣ ኋላም ቀስ በቀስ ዳቦ ተተካ። እናቴ የአባቴን ድርሻ በየወሩ ከማኅበሩ ቤት ተቀብላ ትመጣና ሙዳይ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የማንደፍሮን ግን ሌሎቹ ባለተራዎች ገሚሱ ፈርቶ፣ ገሚሱ ተጸይፎ ማድረስ ስለተወ፣ እሷ ከእጃቸው እየተቀበለች ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ትወስድለታለች። እሱም በሁለት ጣቱ ይቀበላትና ከዘበኛው ጋር እየተሳሳቀ በር ላይ ለተኛው ውሻ ይጥለዋል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷም ታያለች። በሚቀጥለው ወር ግን ያንኑ ጨርቅ አጥባ፣ ያንኑ ቁልቁለት ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ማንደፍሮ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ባልሽ ለምለም አገር በቆሎ ጠግቦ እያደረ ለማን ነው የምታስቀምጪው ብሎ ቢያላግጥባት፣ ጠግቦ ከሆነማ ደግ፣ ሲመጣ ከጥጋቡ ላይ ይቀምሰዋል አለችው።

እኔስ ምን ነበርኩ? በዚህ ታሪክ ውስጥ ንቀቴን ለማንደፍሮ ብቻ ባደርገው ውሸታም እሆናለሁ። ትምህርት ቤት የመዝሙር ጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ አንገቴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክሜ፣ አምላክ የጨቋኞች ፈጠራ ነው እያልኩ እዘምር ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ ረሃቡ ዜማውን ያስረሳኛል። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሙዳዩን እከፍትና የአባቴን ድርሻ እበላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ ፍርፋሪውን ሳላስቀር በላሁት። እናቴ ስትመለስ ክዳኑን ታነሣለች፣ ባዶውን ታያለች፣ አማትባ መልሳ ትከድናለች። ድርሻውን ሚካኤል እየወሰደው ይመስላታል ብዬ አምን ነበር፤ ይህንንም ለጓደኞቼ እያወራሁ ሆዳችን እስኪቆስል ስቀናል። መልአኩ የሚያንጠባጥበው ፍርፋሪ ቀሚሴ ላይ መገኘቱን እንኳ የማታስተውል ሞኝ ናት ብያለሁ፣ ስለ እናቴ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ከአባቴ ጋር የተወሰደ አንድ የመንደራችን ሰው ከወለጋ በእግሩ ተጉዞ ገባ። አባቴ እዚያ በገቡበት በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞቷል፤ ሰውየው ራሱ ቀብሮታል። እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። የስድስት ዓመቱን በአንድ ቀን ጮኸችው። በቀጣዩ ማኅበር አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፍተው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ስናስቀምጥ ኖረናልና ከዛሬ ጀምሮ ድርሻው ተነሥቷል አሉ። ከማኅበሩ ስንመለስ የሙዳዩን ባዶነት መቋቋም አቃተኝ፤ እያለቀስኩ ተናዘዝኩላት።

«እማ፣ የአባን ድርሻ ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን እያጣጠፈች ነበር፣ አላቋረጠችም።

«ታዲያ አባትሽ ቢኖር ለማን ሊሰጠው ኖሯል?»

በየወሩ ባዶውን ሙዳይ አይታ የምታማትበው እኔ ስለበላሁ ኖሯል። እኔ በሷ ስስቅ፣ እሷ እኔ ስለጠገብኩ አምላኳን ታመሰግን ነበር። ያን ዕለት የተሰማኝ ሐፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ዛሬ በድምፅ ማጉያ ስለ እምነት ጽናት የሚጮኹትን ስሰማ ሳቄ ይመጣል። የእናቴ እምነት መኪናውን አላቆመላትም፣ ባሏንም አልመለሰላትም። ሁለት ዋንጫ ለመቅዳት የሚበቃ ጉልበት ሰጣት፣ በዚያ ጉልበት ስድስት ዓመት ኖረች።

ማንደፍሮ ወታደሩ ሲሸሽ አብሮ ሸሸ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ማኅበሩ ሰውየው አልሞተም ብሎ ቦታውን ሰጠው። እናቴ ዳቦውን በሁለት እጇ ስትሰጠው እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። እሷ ካረፈች ቆየች። ማኅበሩም ከእኛ ጋር ወደ ላሊበላ ከተማ ገብቷል፤ ጽዋዋ አሁን ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፋ የምትታይ ዕቃ ናት፣ የምንጠጣው በብርጭቆ ነው፣ አንዳንዱ የቀረ ሰው ደግሞ ድርሻውን ተውት ብሎ በስልክ ይልክብናል።

ዛሬ ጠዋት ዳቦውን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ሩብ ሰዓት አያስኬድም፣ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ቆምኩ። በሦስተኛው ጨርቁን ፈታሁና ጠርዙን ገመጥኩ። ስድስት ዓመት የአባቴን ስበላ፣ የማንደፍሮን ተጸይፌ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ለምን እንደገመጥኩት አላውቅም። ምናልባት ሙሉውን ልሰጠው ስላልወደድኩ ነው። እንደ ማንኛውም ዳቦ ነበር፣ ዋጥኩት።

አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል። ዳቦውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኑሮ ብዙ አየው።

«የእናትሽን ለውሻ ነበር የምሰጠው» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ ስትጥለው አይቻለሁ።»

አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ በዕድሜ አባቴ ነው፤ አላልኩትም። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይኸስ?»

«እኔ ነኝ የገመጥኩት።»

ከተገመጠው በኩል ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ ፍርፋሪውን ከጋቢው ላይ እየለቀመ በላው። እስኪጨርስ ቆምኩ፣ ደንቡ ስለሆነ። ከዚያ ጨርቄን አጣጥፌ ወጣሁ። አልማርኩትም፤ ቢሞትም የማለቅስለት አይመስለኝም። ድርሻውን ግን አድርሻለሁ።

እናቴ ሙሉውን ነበር የምታደርሰው።