ከአባቴ ጋር የተጫወትኩት የጃፓን ጨዋታ

ባለፈው ዓርብ ወታደሩ ልጄ ኖአም ለሻባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት፣ እረፍት መጣና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ በዕብራይስጥ እናቴ እንደ ማለት «ኢማ» ብሎ ጠራኝና፣ «አንቺ በልጅነትሽ የተጫወትሽው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ እንደገና ወጥቷል። ጓደኞቼ አርጅቷል፣ ጊዜህን አታባክን ይሉኛል። አሁንም መጫወት ያዋጣል?» አለኝ። ለሰንበት የሚሆነውን ዶሮ እየገነጣጠልኩ ነበር። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ኮረብታማ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በዚያ ክረምት፣ የዚህ አገር ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ አባቴ በሚሠራበት ፋብሪካ ሣጥን ሲያነሣ ወገቡን ተጎድቶ ቤት ዋለ። ጎንደር ሳለ ገበሬ ነበርና፣ ከታች ያለውን ሸለቆ ዝናብ ሲያጨቀየው በመስኮት ያያል። እናቴ ሥራ ትውላለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎረቤት ልጅ የተዋስኩትን መጫወቻ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዛለሁ፤ አባቴ ከኋላዬ ጋደም ብሎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

ጨዋታው እንደ ዛሬዎቹ አልነበረም። ሰዎቹ አሻንጉሊት ያህላሉ፤ ድምፅ የላቸውም፤ ንግግራቸው ከሥር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። አራት መንገደኞች ጦርነት ካጠፋው አገራቸው ተነሥተው ከተራራ ማዶ አለ የሚባል አገር ይፈልጋሉ። አንድ ቀን አባቴ፣ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ መጫወት ቀረ። የኔ አማርኛ ከማጀት የማያልፍ ነበርና ቃል ሲጠፋኝ እሱ ያቀብለኛል። «ክህደት» የሚለውን ቃል ያወቅሁት እንዲያ ነው።

የካቲት አካባቢ ይመስለኛል፣ ከአራቱ አንዱ፣ መንገድ መሪው ሽማግሌ፣ ታመመና ዋሻ ውስጥ ቀረ። ሦስቱ ተራራውን እንዳለፉ የበረዶ ናዳ መንገዱን ከኋላቸው ዘጋው።

«ተመለሽና አምጭው» አለ አባቴ።

«አይቻልም አባ። ሲሠሩት እንዲህ አድርገው ነው።»

«ሞክረሻል?»

አልሞከርኩም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በተዘጋው መንገድ ዳር ዳር ተንከራተትኩ፤ ያልነካሁት ድንጋይ የለም። በሦስተኛው ቀን ንድድ አለኝና የመጫወቻውን መቆጣጠሪያ ወለሉ ላይ አስቀምጬ፣ «አባ፣ ይኼ እኮ የእውነት ሰው አይደለም» አልኩት።

ዞር ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሷል።

«ታከለ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አለ።

ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ሲሄዱ፣ ድንበሩ ሳይደርሱ፣ ታከለን ወባ ጣለው። መሪያቸው አንድ ሰዓት እንኳ አንጠብቅም አለ። እኔ በእናቴ ጀርባ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ፤ እኔንም ያተኩሰኝ ነበር። አባቴ ወንድሙን ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ውኃ ሰጥቶ፣ እመለሳለሁ ብሎት ሄደ።

«ለአክስትሽ በእጄ ላይ ሞተ፣ ቀበርኩት አልኳት። አልቀበርኩትም። እያየኝ ነው የሄድኩ።»

«መመለስ ይቻል ነበር?»

«እኔንጃ ልጄ። አልሞከርኩም።»

እሑድ ጧት ጃኬቱን ለበሰና፣ «ነይ፣ ደግፊኝ» አለኝ። ከአፉላ አውቶቡስ ጣቢያ ተነሥተን ታላቅ እህቱ ወደምትኖርበት ወደ ሃዴራ ሄድን። ተቀመጥ ብትለው እንቢ አለ፤ ቆሞ ነገራት። አክስቴ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት መቃብር አለው ብዬ ነው የተጽናናሁት» አለች። የሚቀመስ ነገር ሳታቀርብልን ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ስንመለስ እርሻውን በአውቶቡሱ መስኮት እያየሁ፣ ምነው ባልጠየቅሁት እል ነበር።

ሁለት ወር ያህል ስልክ አልደወለችም። ፋሲካ ሲቃረብ ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። አባቴ በር ከፈተላት። «የታከለን ተዝካር አብረን እናውጣ» አለችው። በተዝካሩ ዕለት ከጎንደር የመጡት የማኅበራችን ቄስ ሲጸልዩ የታከለ ስም በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ተብሎ ተጠራ። አባቴና አክስቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ አልተያዩም፣ ግን አልተራራቁም።

ጨዋታውን በጋ ሲገባ ጨረስነው። መንገደኞቹ ከሚፈልጉት አገር ሲደርሱ እኔ በደስታ እጄን አጨበጨብኩ። አባቴ፣ «ሦስት ብቻ ናቸው» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ለኖአም እውነቱን ነገርኩት። አካሄዱ ያዘግማል፣ ውጊያው ይደጋገማል፤ ብቻህን ከሆንክ ሳምንት አትቆይበትም አልኩት። ጥሩ ጨዋታ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ግን መፍረድ አልችልም። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው። ያን ክረምት አብረን ባንጫወት ኖሮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ኖሬ ማን እንደሆነ ሳላውቅ እቀብረው ነበር።