ፖሊስ የማያሳልፈው ፊት

ታናሽ ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ፊቱን ያየ ግን አሥራ ሰባትም አይሰጠውም። ጢም የሚባል ነገር አልበቀለበትም። እኔ በበኩሌ ገና በሠላሳ ዓመቴ ግማሽ ራሴ ሸብቷል። ሁለታችንም ሾፌሮች ነበርን፤ በደርግ ጊዜ ከጉደርና ከአምቦ ሽንኩርት ጭነን፣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና በየተራ እየነዳን አዲስ አበባ እናመላልስ ነበር። አዲስ ዓለም ሳይደረስ አንድ ኬላ አለ። መሪውን እኔ ስይዝ ፖሊሱ ገመዱን አውርዶ "ኦቦ፣ ይለፉ" ይለኛል። ወንድሜ ሲይዘው ገመዱ አይወርድም።

ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምፈርደው በወንድሜ ነበር። "ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል" እለዋለሁ። ውሸቴን ነው። ልጁ ከእኔ ይልቅ ረጋ ብሎ የሚነዳ፣ ፖሊስ ሲያይ ቀድሞ "ጤና ይስጥልኝ" የሚል ጨዋ ነበር። ፍሬቻ ሳላበራ የምታጠፈው እኔ ነኝ። አንድ ሰሞን ያለ ስቶፕ መብራት ስመላለስ ማንም አልጠየቀኝም። እሱን ግን ጭነት ያስፈቱታል፣ "ይሄን መኪና ከማን ሰረቅከው?" ይሉታል። ሌሎቹም ወጣት ሾፌሮች እንደዚያው ነበሩ፤ መንገድ ዳር ተደርድረው ፀሐይ ሲመታቸው እያየሁ አልፋቸዋለሁ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ያኔ ግን ሽበቴን እንደ መልካም ጠባይ ነበር የምቆጥረው።

የወንድሜ መንጃ ፈቃድ ከመታየት ብዛት አለቀ። በየኬላው ሲታጠፍና ሲታሽ የትውልድ ዘመኑ የተጻፈበት ቦታ ተፋቀ። ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው። "ዕድሜህ ስንት ነው?" "ሃያ ሁለት።" "ወረቀቱ አይልም።" እንዲህ እያሉ ያቆዩትና ሲሰለቻቸው ይለቁታል። አንድ ቀን ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን አቁመውን ገበያው አመለጠን። የሽንኩርቱ ባለቤት ተቆጣኝ፤ እኔም ወንድሜ ላይ ጮህኩበት።

"ነገ ቀበሌ ሄደን ዕድሜህ በግልጽ የተጻፈበት መታወቂያ እናወጣለን" አልኩት።

"ይቅርብኝ፣ ወንድም ጋሼ። ቢያቆዩኝም ይለቁኛል።"

"ጥፋት የሌለበት ሰው ዕድሜውን ምን ያስደብቀዋል?"

ታላቁ ነኝና ታዘዘኝ። ቀበሌ ራሴ ወሰድኩት፤ የተወለደበትን ዓመት ራሴ መሰከርኩ፤ ጸሐፊውንም ቁጥሩን አጉልቶ እንዲጽፈው ለመንኩት።

ወር ሳይሞላ፣ ረፋድ ላይ ኬላው ደረስን። እሱ ይነዳል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ነኝ። ከፖሊሱ ጎን አንድ ወታደር ቆሟል። በዚያ ዘመን ወታደር ከመንገድ ስለማይጠፋ ልብ አላልኩትም። ወንድሜ የተፋቀውን መንጃ ፈቃድ ሰጠ። ፖሊሱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ፊቱን አይቶ ለወታደሩ "ይሄ ገና ልጅ ነው" አለው።

እኔ የዘወትሩ ጭቅጭቅ የተጀመረ መሰለኝ። መታወቂያውን ከፊታችን ካለው ኪስ አውጥቼ፣ እጄን በወንድሜ ደረት ላይ አሻግሬ በመስኮቱ አቀበልኩ። "ሙሉ ሰው ነው፣ ጌታዬ። ዕድሜው ተጽፏል" አልኩ።

ወታደሩ አነበበ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ።

"ውረድ" አለው ወታደሩ።

ከኬላው ቤት ጀርባ ለውትድርና የታፈሱ ወጣቶች የታጨቁበት መኪና መቆሙን ያየሁት እሱን ሲወስዱት ነው። ሮጬ ሄጄ ለመንኩ፤ የሰማኝ የለም። ፖሊሱ እንደ ወትሮው በአክብሮት "ኦቦ፣ መሪውን ይያዙና ይለፉ" አለኝ። ይዤ አለፍኩ። ሽንኩርቱንም በሰዓቱ አደረስኩ።

ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ላከልን፤ ከዚያ ምንም የለም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ሲመለስ በየከተማው ፈለግኩት። አውቀዋለሁ የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም።

እናታችን በዚያ ቀን የሆነውን የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ያህል ነው። ፖሊሱ መታወቂያውን ፈትሾ እንዳገኘው ነበር የነገርኳት። እስክትሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆማ "ልጄን አሳልፎ የሰጠ እጁ ይድረቅ" ትል ነበር። እኔም አጠገቧ ቆሜ "አሜን" እላለሁ።