የባሕር ዛፉ አገርና የጥዱ አገር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ገረሴ አጠገብ ባለው መንደራችን ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው የተማረ ሰው በአደባባይ እንደዚያ ሲቀልድ ከዚያ በፊት አይቼ ስለማላውቅ ነው።

ከአርባ ምንጭ አንድ ፕሮጀክት መጣ። እንሰታችሁን ነቅላችሁ ባሕር ዛፍ ትከሉ ነው ነገሩ። እንጨቱ ይፈጫል፣ ፐልፕ የሚባል የወረቀት ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡ ውጭ አገር ይሸጣል። የእኔ እንሰት ምንጩ ሥር ነው፤ ሰባት ነፍስ ይበላበታል። ልጄ ዘነበ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል። አባትህ ቀድሞ ከፈረመ እንቀጥርሃለን ብለውታል።

ጠዋት «አባ፣ ዛሬ እንዳታሳፍረኝ» አለኝ።

«መሬቴን ስይዝ ነው የምታፍረው?» አልኩት።

ስብሰባው ዱቡሻ ላይ ሆነ፣ ሽማግሌ በሚመክርበት ሜዳ። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ መጣና ሁለት ትልልቅ ወረቀት ሜዳው ላይ ባለው ዛፍ ላይ ሰቀለ። ሁለት አገሮች በየዓመቱ ወደ ውጭ የላኩት ፐልፕ ነው አለ። ስማቸውን ነግሮን ነበር፣ ረሳሁት። አንዱ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ሌላው ጥድ ይቆርጣል። በባሕር ዛፉ አገር ወረቀት ላይ እንደ አጥር እንጨት የቆሙት መስመሮች ከዓመት ዓመት እየረዘሙ ሄደው ጫፍ ነክተዋል። የጥዱ አገር ከጉልበት አይዘልም።

«አያችሁ አባቶቼ? ባሕር ዛፍ የተከለው ጥሎት ሄደ!»

ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ዘነበም አጨበጨበ።

እኔ ከፊደል ጋር ብዙ አንተዋወቅም። ቁጥር ግን በመሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። ቀረብ ብዬ የወረቀቱን ጎን አየሁ። በባሕር ዛፉ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወጣል፤ ጫፉ ስምንት ነው። በጥዱ ላይ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ይላል። ያ ጉልበት ላይ የቀረው ሃያ ነው!

«ልጄ» አልኩት ባለሙያውን፣ «ገበያ ላይ የአንዱን ገብስ በጣሳ፣ የሌላውን በኩንታል ሰፍረህ ጣሳው በለጠ ትላለህ?»

«አባባ፣ እሱ የስኬል ጉዳይ ነው፣ ለእርስዎ ትንሽ ይከብዳል...»

«አታቋርጥ!» አለው አንድ ሽማግሌ። «እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ሳይጨርስ አይነካም።»

ስለዚህ ጨረስኩ። «ስምንት ነው ሃያን የሚበልጠው? ደግሞስ ሊጡን የሚያቦካው ፋብሪካ የት አለ?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው እሱ ሲመጣ አብራችሁ ኑ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ወረቀቱን እየጠቀለለ «ለማሳያ ያህል ነው እኮ» ይላል። ለማሳያ! የእኔ እንሰት ለማሳያ ሊነቀል ነበር?

ማንም ሳይፈርም ተበተንን። ዘነበን አልቀጠሩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያኮርፈኝ ከረመና አንድ ቀን፣ አብረን እንሰቱን ስንኮተኩት፣ ቀና ሳይል «አባ፣ ቁጥሩን እኔም አይቼው ነበር» አለኝ።

መኮትኮቱን ቀጠለ። እኔም ከጎኑ ቀጠልኩ።

ባለሙያውን ከጎረቤት ጋር ባነሣነው ቁጥር እስቅበታለሁ፤ የደነዝ ሥራ ነው፣ አለቀ። አይቶ ያጨበጨበው ግን የእኔ ልጅ ነው። በእሱ መሳቅ እስካሁን አቅቶኛል።