ከቤቴ በላይ የተተከሉት ችካሎች

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ግን ልክ ዛሬ የሆነ ያህል ይመጣብኛል። ከልብስ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

አስቴር እባላለሁ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አባቴ በተወልኝ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ካርታ የለውም። ከእኔ በላይ ባሕር ዛፉ የተመነጠረበት ባዶ ተዳፋት እንጂ ሌላ ቤት የለም። ያን ሰሞን እዚህም እዚያም ሰፈር ይፈርስ ነበር። መጀመሪያ የሚለካ ሰው ይመጣል፣ ከዚያ ችካል ይተከላል፣ ከዚያ በርህ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ይህን ቅደም ተከተል የሰፈራችን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ወጥቼ ቀና ብል ተዳፋቱ በችካል ተሞልቷል። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ቀጫጭን አጠናዎች፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ እየተቀቡ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከአጥሬ ሃያ እርምጃ አይርቁም። በመሃላቸው አንዲት ፈረንጅ ሜትር ዘርግታ ትለካለች።

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ የእድራችን ዳኛ ናቸው። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቺን ሴትዮ አይተዋታል?»

«አየኋት እንጂ! ፈረንጅ ዝም ብሎ መሬት አይለካም፣ አስቴርዬ። ሆቴል ሊሠሩበት ይሆናል» አሉኝ።

እኔ ድሮም ሰው ቶሎ የማምን ሴት አይደለሁም። ወጥቼ ባለችኝ እንግሊዝኛ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ኢንግሪድ እንደምትባልና ከኖርዌይ እንደመጣች ነገረችኝ። ሥራዋ በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው አለችኝ። በተተከሉ እንጨቶች መሃል እየተጠማዘዙ ከተራራ ይወርዳሉ፣ ፈጥኖ የደረሰ ያሸንፋል። አሁን የታመመ እግሯን እያለማመደች ነው።

በረዶ! ያውም እንጦጦ ላይ! በክረምት ቆርቆሯችንን ከሚደበድበው በቀር እኛ ምን በረዶ አለን? ውሸታም እንኳ ሲዋሽ ለሰሚው ትንሽ ያስብለታል አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭራሽ አላመንኳትም።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በአጥሬ ቀዳዳ እከታተላት ነበር። ከላይ ተነስታ ችካሎቹን በትከሻዋ እየታከከች እየሮጠች ትወርዳለች። ከዚያ ሰዓት ታያለች፣ ትጽፋለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ልምምድ ከሆነ ምን ያስጽፋታል? አንድ ቀን እኔን አይታ እጇን አውለበለበችልኝ። ሰላምታዋንም ጠረጠርኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ሆኜ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከሥራ ስገባ፣ እሷም ጋሽ ታደሰም በሌሉበት፣ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤቴ የቀረቡትን ሦስቱን ችካሎች ነቀልኳቸው። በደንብ ስለተተከሉ ዙሪያቸውን ሰፋ አድርጌ መቆፈር ነበረብኝ። ተመልሰው ቦታውን እንዳያገኙት ብዬ ጉድጓዶቹን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፈንኩ። ሁለቱን ቀዮቹን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደበቅኩ። ሰማያዊውን የልብስ ማስጫ ገመዴ ረግቦ ስላስቸገረኝ ደገፍኩበት። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ቀን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ እያለሁ ጩኸት ሰማሁ።

ስደርስ ልጅቷ መሬት ላይ ወድቃ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። አንድ እግሯ እኔ የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጋሽ ታደሰም ደረሱ። ደግፈን፣ ግማሹን መንገድ ተሸክመን አስፋልት ድረስ አወረድናትና ታክሲ ውስጥ አስገባናት። ፊቷ አመድ መስሎ፣ እንባዋ እየወረደ እጄን አለቀቀችም። «አመሰግናለሁ» ትለኛለች ደጋግማ በአማርኛ። ሌላ ቃል የምታውቅ አልመሰለኝም።

«ጃርት የቆፈረው መሆን አለበት» አሉ ጋሽ ታደሰ ስንመለስ።

እኔ በሬን ከፍቼ ገባሁ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በእኛ ዘንድ ከስብከት በፊት የጸሎት ርዕስ ያለው እየተነሳ ይናገራል። ሲስተር ማሪት ተነሱ። ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩ ነርስ ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም። የየት አገር ሰው እንደሆኑ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

«የወንድሜ ልጅ ከአራት ዓመቷ ጀምራ በበረዶ ላይ የምትወዳደር ናት» አሉ። «ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ዘንድሮ ወደ አገሯ ቡድን ለመመለስ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ከፍታው ይረዳታል ብዬ እኔው ነኝ ያስመጣኋት። ትናንት ከታች ያሉትን እንጨቶች ሰው ለማገዶ ወስዶባት ነበር። ቦታቸውን በቃሏ ስለምታውቅ እንዳሉ ቆጥራ ወረደች። እነሱ ሲወዳደሩ እንጨቱን ታክከው ነው የሚያልፉት፤ እግሯ እንጨቱ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጸልዩላት።»

ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ።

ከወደቀች በሦስተኛው ሳምንት፣ ልብስ አጥቤ አስጥቼ ሳበቃ በሬ ተንኳኳ። ሲስተር ማሪትና ኢንግሪድ ናቸው። ኢንግሪድ በክራንች ነው የቆመችው፣ በእጇ የታሸገ ቸኮሌት ይዛለች።

«እህት አስቴር፣ ተሸክመሽ ያወረድሻት አንቺ መሆንሽን የሰማሁት ትናንት ነው» አሉኝ ሲስተር። «ነገ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሳላመሰግናት አልሄድም ብላኝ ነው።»

«ጉልበቷስ ተሻላት?»

«ትራመዳለች። ውድድሩ ግን አብቅቷል፣ ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረዋታል።»

በዚህ መሃል ኢንግሪድ ወደ ግቢዬ መሃል ታይ ነበር። አንሶላዎቼ በነፋስ ይውለበለባሉ። ገመዱን ደግፎ የቆመው ሰማያዊው ችካል ነው።

ቀስ ብላ ወደ ችካሉ ሄደች። ክራንቿን ለአክስቷ ሰጠች። ችካሉ ዘንበል ብሎ ነበር፤ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው፣ እያዞረች ወደ መሬት ተጫነችው፣ ሥሩን በደህናው እግሯ ረገጠች። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች።

ሲስተር ማሪት ችካሉን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«እንዲህ ጠበቅ ተደርጎ ካልተተከለ ሰው ላይ ይወድቃል ነው የምትለው» አሉኝ።

ሻይ አፈላሁ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። በር ላይ ኢንግሪድ አቀፈችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን ሊለካ የመጣ ሰው የለም። በሬም ቀለም አልተቀባም። ልጅቷ አውቃ ነው ያቀፈችኝ ወይስ ሳታውቅ እያልኩ ስጠረጥር ሁለት ዓመት ሞላኝ። በገዛ እጇ የቀባችውን እንጨት መቼም አትስተውም። ሲስተር ማሪት እሑድ እሑድ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፈው ይቀመጣሉ። ሰላም ይሉኛል እንጂ ጠይቀውኝ አያውቁም። የጸሎት ርዕስ ያለው ይነሳ ሲባል ሁልጊዜ ልነሳ እልና መልሼ እቀመጣለሁ።

እንግዲህ በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ተናግሬዋለሁ። ሲስተር፣ ይህን ካነበቡት ጃርት አልነበረም። ሰማያዊው እሷ እንደተከለችው ቆሟል። ሁለቱ ቀዮች ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናቸው።