የሚያለቅስ አፍ ልክ

የልጄን አፍ ሲያለቅስ ለካሁት። በዚያን ቀን ከሠራሁት ሞኝነት የመጀመሪያው ይኼ ነው፤ ሌሎቹ ከዚሁ ተወለዱ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ቤታችን ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች ዳገቱ ላይ። የበኩር ልጃችን ሁለት ወሩ ነበር። ጠግቦም ቢሆን ጡት ካልጎረሰ አይተኛም፤ ሲነጥቁት ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል። የሚስቴ ጡት ቆስሏል፤ ቁጭ ብላ ማንጎላጀት ከጀመረች ሳምንት አልፏታል። የዚያን ዕለት ጠዋት እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ሕፃኑ ከእጇ ተንሸራተተ። ደግነቱ ጭኗ ላይ አረፈ።

«ታች ሱቅ ማባበያ የጎማ ጡት ይሸጣል አሉ፤» አለችኝ። «ሂድና ለእሱ የሚሆነውን መርጠህ አምጣ። አንድ ሰዓት ልተኛ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መርጠህ ስትለኝ ደረቴ ተነፋ። አናጢ ነኝ፤ መለካት እንጀራዬ ነው። ያን ጊዜ ለልጅ ጫማ ሊገዛ ገበያ የሚወርድ ሰው የልጁን እግር በስንደዶ ለክቶ፣ ስንደዶውን ኪሱ ከቶ ነበር የሚሄደው። እኔም ከሚስቴ ስፌት አንድ ስንደዶ መዝዤ የልጁን አፍ ከላይ ድድ እስከ ታች ድድ ለካሁ። አፉ በደንብ ተከፍቶልኝ ስለነበር ሥራው አላስቸገረኝም።

ባለሱቁ ረጋ ያሉ ሐጂ ናቸው። ሦስት የጎማ ጡት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። ስንደዶዬን በየተራ አስጠጋሁባቸው። ከትልቁ ጋር እኩል ወጣ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ወሩ ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ይኼ ጥርስ ላወጣ ነው።»

«ለክቼዋለሁ እኮ!»

ስንደዶውን አዩ፤ እኔን አዩ። «አላህ ያሳድገው እንዳልል አድጓል፤» ብለው ጠቀለሉልኝ።

ዳገቱን ወጣሁ። ሚስቴ ጎማውን በውሃ ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ አጎረሰችው። ልጁን አቅለሸለሸው፤ ተፋውና ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ እንኳ ጉልበት አልቀራትም።

ቁልቁል ተመለስኩ። ሐጂ ለሶላት ሄደው ባለቤታቸው ቆመዋል፤ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ስትለካው ተኝቶ ነበር ወይስ ያለቅስ ነበር?»

«ያለቅስ ነበር፣ እናቴ።»

«አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«አናጢ።»

«በርም የምትለካው በርግደህ ነው?»

ትንሹን አወጡልኝ። «የሚጠባው ጫፍ እንደ ዕድሜው አጭር ይሁን፣ ይለስልስ። ከንፈሩ ላይ የሚያርፈው ክብ ግን እንዳይውጠው ከአፉ ይስፋ። በየጊዜው ሳብ አድርገህ እየው፤ ከተሰነጠቀ ጣለው። ደግሞ በክር አስረህ አንገቱ ላይ እንዳታንጠለጥል!»

ለዚሁ ያዘጋጀሁትን ክር ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት።

«የትልቁን ከፍለሃል፤ ጥርስ ሲያወጣ ይሆነዋል። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልህም፤ ደጅህ ጤና አዳም ካለ አንድ እቅፍ ታመጣልኛለህ።»

«ነገ በጠዋት!» አልኩ።

ልጁ ትንሹን ጎረሰ፤ ሁለት ሦስቴ ሳበና ዓይኑ ተከደነ። ሚስቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ወደቀች። አንድ ሰዓት ያለችው ሴት ከቀትር እስከ ማምሻ ተኛች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መንገደኛውን ሁሉ «ቀስ!» ስል ዋልኩ።

በማግስቱ ጤና አዳሙን ቆርጬ ስነሣ ሚስቴ ለእሷ የቆረጥኩት መስሏት «ተባረክ!» ብላ ተቀበለችኝና እርጎዋ ውስጥ ጨመረችው። ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ ስትል እያየሁ እንዴት ብዬ ልንጠቃት? በሌላው ቀን እኔው ረሳሁት። ከዚያ ሱቁ ተሸጠ፤ ሐጂና ባለቤታቸው ሰፈር ለቀቁ።

ልጁ ዛሬ ሸብቷል። ጤና አዳሙ አሁንም ከአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ልብሴን ይነካኛል። አንድ እቅፍ አለብኝ።