ከእማሆይ ስንዱ ገብስ ዳር የቆመው ኤሌክትሮን

ባለፈው እሑድ ልጄ ለትምህርት ቤቷ አቶም ስትሠራ ዋለች። የሳሎኑን ጠረጴዛ ጨርቅ ገፈፈች፣ ሽቦ አጣመመች፣ ነጭ ፎም በምላጭ እየቆረጠች አድበለበለች። መሐል ላይ ቀይ ኒውክለስ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ ኤሌክትሮኖች ሰካች።

«እማዬ፣ እይልኝማ! አያምርም?»

ያምራል፤ ክፉ አልናገርም። ግን ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ በአንዲት ጣት ርቀት ላይ ተሰክቶ ሳይ አላስቻለኝም። «ይሄማ በጣም ተጠጋ። ኤሌክትሮኑ እኮ ከዚህ ቤት ወጥቶ፣ ገበያውን አልፎ፣ መናኸሪያው ጋ ነው መቆም ያለበት» አልኋት። የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ሳቅ ግን ደባርቅ ላይ ገመድ ይዤ ገብስ ዳር የቆምሁባት ቅዳሜ ትዝ ብላኝ ነው።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ገደማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አገሬ ጃናሞራ ስለሆነ ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። እናቴ በሶና ዳቦ ቋጥራ ትልክልኛለች፤ ዳቦው ሲደርቅ ውኃ እየነከርሁ እበላዋለሁ። ዛሬ ለእንግዳ ከማቀርበው ኬክ ያ ይጣፍጥ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን ይናፍቀኛል።

ያከራዩኝ እማሆይ ስንዱ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ቢደፉም ከዓለም ጨርሰው አልወጡም፤ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አንዲት የገብስ ማሳ ነበረቻቸው። አያ ደሴ የሚባሉ ጎረቤት በእኩል ያርሱላቸዋል። የሚበሉት፣ ለተዝካር የሚያወጡት፣ በብርድ ጧት «ነይ፣ ሆድሽን አሙቂው» እያሉ እኔን አጥሚት የሚያጠጡኝ ከዚያችው ማሳ ነው። ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ቲቸር ሙሉቀን ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ እግር ነበር። ላቦራቶሪ ተብሎ የተቆለፈ ክፍል ነበረን፤ ውስጡ አንድ ሚዛን፣ አፉ የተሸረፈ ቢከርና ብዙ አቧራ ነው ያለው። ቲቸር ሙሉቀን ግን አልተበሳጨም። መለኪያ የሚለውን ምዕራፍ ስንማር ያልለካነው ነገር አልነበረም። ድንጋይ ውኃ በሞላ ጣሳ ነክረን የፈሰሰውን ውኃ ለካን። የአማረን ዳቦ ሚዛን ላይ ስንጭን አማረ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ጠበቀው። አማረ የክፍላችን ነገረኛ ነው።

ኅዳር ላይ አቶም ደረስን። ይኸው አማረ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ምን ያህል ይርቃል?»

ቲቸር ሙሉቀን ጠመኔውን አስቀመጠ። «ቅዳሜ ኑ፤ ለክተን እናየዋለን።»

ቅዳሜ ጧት ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር። ከእማሆይ ጎታ አንዲት አተር ይዤ ሄጄ ነበር። ቲቸር ኳስ ሜዳው መሐል ጣሳ ደፍቶ አተሯን ላዩ ላይ አስቀመጣት። «ይች የሃይድሮጅን ኒውክለስ ናት እንበል» አለ። ከዚያ በየሜትሩ የቋጠረውን ረጅም ገመድ አወጣ፤ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር ጭነት ከሚያመላልሱ ባለ በቅሎዎች የተዋሰው ነው። «ትርንጎ፣ ቀላሏ አንቺ ነሽ፤ ኤሌክትሮን ሁኚ።» ያኔ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጫጫ ነበርሁ፤ ዛሬ ቢያየኝ ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

የገመዱን አንድ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አማረ ይዘን ሄድን። ዘርግተን፣ ምልክት አድርገን፣ እንደገና ዘረጋን። ሜዳው አለቀ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክን፤ ቲቸር ከኋላችን «ገና ነው! ቀጥሉ!» ይላል። በመጨረሻ ቁሚ ሲለኝ የቆምሁት ከእማሆይ ገብስ ዳር፣ ድንበሩ ላይ ነበር። ዞሬ ሳይ አተሯ ቀርታ ጣሳው እንኳ በጭንቅ ነው የሚታየው። በዚህ ሁሉ መሐል ምንም የለም ማለት ነው? ደስታ ልቤን ሞላው፤ ዓለም በአንድ ጊዜ የሰፋብኝ መሰለኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። በዚያ ሰሞን መሬት እንደገና ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆት ነበር። የአቅመ ደካማ ማሳ ይቀነሳል፣ ለሌላ ይሰጣል ይባላል። ገመድ የያዘ ሰው ማሳ ዳር ሲታይ ገበሬው ሌላ ምን ያስብ? ከወዲያ ማዶ አንዱ «ገመድ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሰው ዱላውን እየያዘ ከየአቅጣጫው ወረደ። ከፊት መቋሚያቸውን ጨብጠው የሚመጡት እማሆይ ነበሩ።

«ትርንጎ! አንቺ ነሽ? አጥሚቴን ጠጥተሽ ገመድ ትጥይብኛለሽ?»

«እማሆይ፣ መሬት አይደለም የምንለካው…»

«ገመድ ይዞ ከሰው ማሳ ቆሞ መሬት የማይለካ አይቼም አላውቅ!»

«አቶም ነው» አልሁ።

«እሱ ደግሞ ማን የሚሉት ሹም ነው?»

ቲቸር ሙሉቀን እያለከለከ ደረሰ፤ ሊያስረዳ ሲል ጭራሽ አባሰው። «እናቴ፣ ከአተሯ እስከዚህ ያለው ሁሉ ባዶ ነው» አለ። አያ ደሴ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። «ባዶ? ይሄ ልጅ ገብሱን አያይም?»

እንባዬ መጣ። ማደሪያዬን ማጣቴ ብቻ አልነበረም ያስፈራኝ፤ እማሆይ ከሃዲ አድርገው ሲያዩኝ አልቻልሁም። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ የገመዱን ጫፍ እጃቸው ላይ አኖርሁት።

«አንቱ ያዙት፣ እማሆይ። አንቱ ከድንበርዎ ላይ ቁሙ፤ እኔ እወጣለሁ።»

ገመዱን አዩት። ወደ ኳስ ሜዳው አሻግረው ተመለከቱ። «ወዲያ ያለው ምንድን ነው?»

«አንዲት አተር።»

«የማን አተር?»

«የአንቱ… ከጎታዎ የወሰድኋት።»

የእማሆይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። «ይሄ ሁሉ ገመድ ለአንዲት አተር!» ብለው ቆባቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። አያ ደሴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ሳቁ፣ ማዶው ሁሉ ሳቀ።

«እንግዲያው ከዚህ የምቆመው እኔ ነኝ። ማንም አይነቀንቀኝም» አሉ እማሆይ።

ቲቸር ሙሉቀን ነፍሱ ሲመለስ መምህርነቱም ተመለሰ። «እማሆይ፣ ኤሌክትሮን እኮ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይንቀሳቀሳል።»

«ማሳዬን መዞር ነው? እሱንማ በየጧቱ እዞረው የለም!»

ብለውም ተነሡ። ገመዱን እንደያዙ፣ የድንበሩን ድንጋይ ሁሉ በመቋሚያቸው እየነኩ ገብሳቸውን ዞሩት። አማረ ሌላውን ጫፍ ይዞ እንደ ጥጃ ይከተላቸዋል። እኛ እናጨበጭባለን። ወደ ሜዳው ስንመለስ ከጎረቤት የገባች ዶሮ ጣሳው አጠገብ ትንጎራደዳለች፤ ኒውክለሱ የለም።

«በዚሁ ይብቃን» አለ ቲቸር ሙሉቀን።

ማታውን እማሆይ ክፍሉን በሙሉ ጠርተው የአተር ንፍሮ አበሉን። አማረ «ይችም ኒውክለስ! ይችም ኒውክለስ!» እያለ ቃመው። ማሳዋን የነካባቸው ሳይኖር እማሆይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ገብሷን በሉ።

ይኸን ሁሉ ለልጄ ስነግራት ሰማያዊውን ኤሌክትሮን ከሽቦው ነቅላ በመዳፏ ያዘችው። «ታዲያ የት ላድርገው?» አለችኝ። ጠረጴዛው እንደማይበቃ ነግሬያት መልሳ እንድትሰካው አደረግሁ፤ ኤሌክትሮን ከጎደለ ማርክ ይቀነስባታል።

መጽሐፉ አቶም አብዛኛው ባዶ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ፈተና ላይም እንደዚያው ጽፌ አልፌበታለሁ። እኔ ግን ያን ባዶ ቦታ ባሰብሁ ቁጥር የሚታየኝ የደረሰ ገብስ ነው፤ እማሆይ ስንዱም ዳር ዳሩን እየዞሩ።